በሐዋሳ ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጥ የምክር አገልግሎት
በሐዋሳ በምማርበት ኮሌጅ የፈተና ጭንቀት ለበረታባቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን የምክር አገልግሎት ለአራት ሳምንታት ተከታትዬ፣ ከጠበቅሁት በላይ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አማካሪዋ በመጀመሪያው ቀን የጠየቁኝ ስለ ውጤቴ ሳይሆን ስለ እንቅልፌ ነበር፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው፣ ማምሻውን ከተጠጣ ቡናም የካፌይኑ ግማሽ ያህል ከ5 ሰዓታት በኋላ እንኳ በሰውነት ውስጥ እንደሚቀር አስረድተው፣ የመኝታና የመነሻ ሰዓቴን በትንሽ ደብተር እንድመዘግብ አደረጉኝ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አየር በአፍንጫዬ በዝግታ መሳብንና ከሳብኩበት በረዘመ ጊዜ ማስወጣትን፣ እንዲሁም ማለዳ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በእግር መሄድን ያስለመዱኝ እርሳቸው ናቸው። ቅር ያሰኘኝ የክፍሉ ግድግዳ ስስ መሆኑ ነው፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው የውስጡን ንግግር ስለሚሰማ፣ የልቡን ሊያወጣ የመጣ ተማሪ ተሸማቆ ይመለሳል። አገልግሎቱ ክፍያ ስለማይጠየቅበት፣ ፈተና እስኪደርስ ሳይጠብቁ በሴሚስተሩ መጀመሪያ መመዝገብ ይሻላል።