ከፒያሳ የገዛሁት «ፀረ ጨረር» እንክብል

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ካለ የቫይታሚን መሸጫ ነው የገዛሁት። የሱቁንም የዕቃውንም ስም አልጠራም። ካርቶኑ «ከሞባይል፣ ከዋይፋይና ከራጅ ጨረር ይጠብቃል» ይላል። ዋጋው 1,800 ብር። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፣ ሻይ ሁሉ ጋብዞኛል፤ ብር ግን ንቅንቅ አይልም። «ጋሼ፣ እንስሳ ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው» አለኝ።

እውነት ለመናገር እዚህ ላይ አልዋሸም። ካርቶኑ ጀርባ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ሲስቴይን ነው፤ ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ውስጥ እነ ሃርቪ ፓት የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ብዙዎቹን በሚገድል የራጅ መጠን መቷቸው፤ ቀደም ብለው ሲስቴይን በደም ሥራቸው ከተወጉት አብዛኞቹ ተረፉ። ጨረሩ የሰውነትን ውሃ ሲሰባብር ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች ይፈጠሩና ዲኤንኤን ያበላሻሉ፣ የሲስቴይኑ ሰልፈር ግን ዲኤንኤው ጋ ሳይደርሱ ይይዛቸዋል። ጎበዝ ሥራ ነው።

ካርቶኑ የዘለለው ቀሪውን ነው። ከጨረሩ በኋላ የተወጉት አይጦች አልተጠቀሙም። መጠኑም ለአይጥ ክብደት እጅግ ብዙ ነበር። ታዲያ እኔ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ እየዋጥኩ የትኛውን ጨረር ነው የምጠብቀው?

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ከዚሁ ዘር አሚፎስቲን የሚባል መድኃኒት ሠሩ፤ አይጥ ላይ ከሲስቴይን በጣም የተሻለ ሆነ። ዛሬ አንገትና ጭንቅላታቸው ላይ ካንሰር ኖሮባቸው የጨረር ሕክምና ለሚወስዱ አንዳንድ ሕመምተኞች አፋቸው እንዳይደርቅ ይሰጣል፣ ያውም ሐኪም ባለበት፣ በደም ሥር፣ ጨረሩ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩ። ያስመልሳል፣ የደም ግፊትም ይጥላል። ከቫይታሚን ሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም።

የሞባይሉ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይገናኝም። የስልክና የዋይፋይ ሞገድ ኤሌክትሮን ከአተም የማላቀቅ አቅም የለውም፤ እነዚያ አይጦች የተመቱበት ራጅ ግን አለው።

እንክብሉ ራሱ ትልቅ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ቡና ካልተከተለው አይለቅም። ልመልሰው ብሄድ «የተከፈተ አንመልስም» አሉኝ። ከአምስት አንድ ኮከብ፣ እሱም ለሻዩ።