የ16 ሊትር የጀርባ መርጫ ለሣር እሳት፦ ለድሬዳዋ ይሆናል?

ደንገጎ ዳገት ላይ በበጋ ግቢው ከደረቅ ሣር ጋር ለሚዋሰን ሰው፣ ለአረም የሚሸጠው ይህ የፕላስቲክ መርጫ ከባልዲ በብዙ ይሻላል። ሲሞላ ግን ውሃው ብቻ 16 ኪሎ ነው፤ ለዳገት 10 ሊትር ይበቃል። አቅሙም ከጉልበት ለማያልፍ የሣር እሳት ነው። ቁጥቋጦው ከተያያዘ ጥሎ መሸሽ ነው!

አፍንጫውን ከጉም ወደ ቀጭን ፍሰት ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ጉሙን ነፋስ ይወስደዋል። ከተቃጠለው ወገን ቆሞ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን መርጨት።

ዋናው ጠላቱ የድሬ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያ ነጭ ነገር የአፍንጫውንም ቀዳዳ ይደፍነዋል። በየወሩ አቼቶ ውስጥ ነክሮ አሳድሮ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸት ነው፤ መርፌ ከገባበት ቀዳዳው ይሰፋና ፍሰቱ ይበላሻል። እጀታው እየተገፋ ግፊት ካልያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፓምፑ የጎማ ቀለበት ደርቋል ወይም ተበልቷል። መለዋወጫ ቀለበት የሌለውን አትግዙ፤ ዋጋው ቢረክስም። ፀረ አረም የነበረበትን አሮጌ መርጫም ተዉት። ፀሐይ ላይ የከረመ ገንዳ ይሰነጠቃል፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።