የራኒንግ ባክ አሰልጣኝነት፦ ኮሌጅ ወይስ ኤንኤፍኤል?

በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ይዘው የሚሮጡትን (ራኒንግ ባኮችን) ማሰልጠን ለሚፈልግ ሰው የቱ ይሻላል፦ የኮሌጅ ቡድን ወይስ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ?

ሥራው፦ ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ጉልበት የሚያልቀው ተጫዋች ምልመላ ላይ ነው። ስልክ፣ መንገድ፣ ወላጅ ማሳመን። ኤንኤፍኤል ውስጥ ይህ የለም። ፊልም እና ልምምድ ነው፤ ኳርተርባኩን (ኳስ ወርዋሪውን) ከተከላካይ መጠበቅን ጭምር በደንብ ማስተማር ይጠይቃል።

ዕድሉ፦ ኤንኤፍኤል 32 ቡድን ብቻ ነው። ኮሌጅ በሩ ሰፊ ነው።

ስጋቱ፦ ሁለቱም ጋ ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቶቹም ብዙ ጊዜ አብረው ይወጣሉ። ለቤተሰብ በጣም ከባድ ነው።

መንገዱ ግን አይዘጋም። የራኒንግ ባክ አሰልጣኙ ዲላንድ ማክላው ከኤንኤፍኤል ቡድኑ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ጋር ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) ካሸነፈ በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል።

ወጣት ማሳደግ ደስ ለሚለው ኮሌጅ፣ የጨዋታውን ረቂቅ ለሚወድ ኤንኤፍኤል ይስማማዋል።