«በረዶ ላይ ራሱ ይነዳልሻል» የሚሏችሁን አትመኑ

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያላችሁ ወገኖቼ፣ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ውል አትፈርሙ። ከመኪና መሸጫው ተመልሼ ገና ቤቴ መግባቴ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሻጩን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእኛን ሰው እንዲያመጣ የተቀጠረ የአገር ልጅ ነው። ከበር «እህቴ እንኳን መጣሽ» ብሎ ይቀበላል፣ ቡና ያስመጣል፣ የልጆቻችሁን ስም ይጠይቃል፣ «ይህን ዋጋ ለወገን ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አልሰጥም» ይላል። ከዚያ ወደ ብድር ክፍሉ ያስገባችኋል፤ እዚያ ስለ ወርሃዊ ክፍያ እንጂ ስለ ጠቅላላው ዋጋ የሚያወራ የለም።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። ንጋት ላይ ደክሞኝ በበረዶ መንዳት እንደሚያስፈራኝ ነገርኩት። «ይሄማ ለአንቺ የተሠራ ነው» አለኝ። «በረዶ ሲጥል አንቺ ዕረፊ፣ እሱ ይነዳልሻል። ከሰው ዓይን የተሻለ ያያል።» ይህን ቃል ሰጥቶኝ ነው መኪናው ራሱን የሚነዳበትን ጥቅል በ6 ሺህ ዶላር በ72 ወሩ ብድር ላይ የጨመረው። ወለዱንም እየከፈልኩበት ነው።

ከሥራ ስመለስ በአውራ ጎዳና 94 ላይ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በረዶ ጠራጊው መኪና ቀድሞኝ አልፏል፤ የመንገዱ መስመር ግን አይታይም። መኪናው የተጠረገው አስፋልት ከተቆለለው በረዶ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ መስመር አድርጎ ያዘና ወደ ዳር መሳብ ጀመረ። ወዲያው ጮኸ፤ «ካሜራው ተሸፍኗል፣ መሪውን ያዙ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ያንኑ ቅጽበት መሪውን ለቀቀው። እጄ መሪው ላይ ስለነበረ ተረፍኩ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ነበር።

እዚያው መሸጫ ወዳለው የጥገና ክፍል ወሰድኩት። ቴክኒሻኑ ከፊት መከላከያው ላይ ከጨውና ከጭቃ የተጋገረውን ግራጫ ቅርፊት በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ የካሜራውን መስታወት በጨርቅ ወለወለ፣ «ምንም ችግር የለበትም» ብሎ ለምርመራ የ185 ዶላር ደረሰኝ ሰጠኝ። ሻጩ ይጠራልኝ አልኩ።

መጣ። ከእሱ ጋር ሥራ አስኪያጁም መጣ። እኔ በአማርኛ «ወንድሜ፣ በረዶ ላይ ይነዳልሻል አላልከኝም?» አልኩት። ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ አለቃውን አየ። ከዚያም ቡና እያጠጣ ያዋራኝን አማርኛ ትቶ በእንግሊዝኛ፣ «እመቤት፣ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም» አለኝ። እህቴ መሆኔ እዚያ ላይ አበቃ። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ መስመር መታ መታ አደረገ፦ በበረዶ፣ በከባድ ዝናብ፣ በጭጋግ ወይም ካሜራው ሲቆሽሽ በአግባቡ ላይሠራ ይችላል፤ ኃላፊነቱ የአሽከርካሪው ነው። «ማንበብ ነበረብዎት» አለኝ። መጽሐፉ የተሰጠኝ ግን ከፈረምኩ በኋላ፣ ከቁልፉ ጋር ነው! ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ «በእንዲህ ያለ አየር ይህን የሚጠቀም ማን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። ስድስት ሺህ ዶላሩን የወሰዱት ለዚሁ አየር ብለው አይደለም እንዴ?

የሚያናድደኝ ይህ የእኔ መኪና ብልሽት አለመሆኑ ነው። እነሱ ያውቁታል። ካሜራ መስመር ካላየ መንገዱን አያውቀውም። ራዳሩን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ላይ በረዶ ሲጋገርበት ይታወራል። በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው ላይዳርም ቢሆን እየወረደ ያለውን የበረዶ ቅንጣት እንደ እንቅፋት ሊቆጥረው ይችላል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚሺጋን ውስጥ በረዶ ላይ ሲሞክር መኪናው መንገዱን ስለማያይ፣ አየሩ ጥሩ በሆነ ጊዜ ቀድሞ በተነሣ ባለ ሦስት አቅጣጫ ካርታና ከበረዶው በላይ በሚታዩ ምልክቶች ነበር ቦታውን የሚያውቀው። ዌይሞ የሚባለው ኩባንያ ያለ ሾፌር የሚሄደውን ታክሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ የከፈተው በረዶ በማያውቃት በፊኒክስ፣ አሪዞና ነው። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ዝናብ አስመስሎ የፊት መስታወቱ ላይ ውሃ እየረጨ ሲፈትሽ፣ መስመር ጠባቂ ሥርዓቶቹ ከሙከራው 69 በመቶ ላይ ከመስመር ወጥተዋል፤ በሰዓት 35 ማይል ሲሄዱ ደግሞ በራሱ የሚይዘው ፍሬን 33 በመቶ ላይ ከቆመው መኪና ጋር ከመጋጨት አላዳነም። ይህ ዝናብ ብቻ ነው። በረዶውን፣ ጨውን፣ የንጋቱን ጨለማ ጨምሩበት።

ራሳቸውን ይነዳሉ እየተባሉ ለግል የሚሸጡት መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም «ደረጃ 2» ናቸው። ማለትም የሚነዳው ሰው ነው፤ መኪናው ያግዛል እንጂ አይተካም። ይህን ያውቁታል፣ ለገዢ ግን አይናገሩትም። የሌሊት ሠራተኛን ድካም አይተው፣ ድካሟን ሸጡላት።

በመኪና መሸጫው ውስጥ ከፈረማችሁ በኋላ «ሦስት ቀን አለኝ፣ እመልሰዋለሁ» ማለት ሚኒሶታ ውስጥ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ሕጋዊ መብት የለም። ስለዚህ ሻጩ በአፉ የሚነግራችሁን ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ አስፍሩት፤ አልጽፍም ካለ ተነሡና ውጡ። መመሪያ መጽሐፉን አስቀድማችሁ ጠይቁና ስለ በረዶ የሚለውን ገጽ አንብቡ። ጥቅሉን የገዛችሁ ካላችሁ በበረዶ አትክፈቱት።

እኔ ለሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታዬን ዛሬ ማታ እልካለሁ። ይኸው ሰው በዚሁ ቃል የሸጠላችሁ ሌሎች ካላችሁ እናንተም ላኩ፤ የብድር ውሉን፣ የጥቅሉን ዋጋ የሚያሳየውን ገጽና የስልክ መልእክቶቹን አትጣሉ።