ጉድጓድ ሊቆፍሩልን መጥተው አሸንዳ አሰርተውን ለሄዱት ግንበኛ

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሆለታ አካባቢ ላም የምታረቡ ወገኖች ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። የማመሰግነው ሰው አለኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። እኛ "ጋሼ" ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ይሁን። ሙያቸው ግንበኝነት ነው። እጃቸውን ያፍታቱት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የባዮጋዝ ግንባታ በየገጠሩ ሲስፋፋ ነው። "ሲኒዱ" የሚባለውን ባለ ጉልላት ማብላያ፣ እበት ተብላልቶ ጋዝ የሚወጣበትን ማለቴ ነው፣ እየገነቡ ብዙ አገር ዞረዋል።

እኛ ሱሉልታ ስምንት ዲቃላ ላሞች አሉን። ክረምት በገባ ቁጥር የአዛባው ጉድጓድ ይሞላና ገንፍሎ ከታች ያሉት ጎረቤታችን የጎመን መደብ ውስጥ ይገባል። ከጎረቤት ጋር መኮራረፍ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ጋሼን የጠራናቸው የድሮውን እጥፍ የሚሆን ጉድጓድ እንዲሠሩልን ነበር። ብሩም ተዘጋጅቷል።

መጡ። ጉድጓዱን እንኳ በወጉ አላዩትም። ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። በረቱን በእርምጃ ለኩና "ይሄ ቆርቆሮ መቶ ካሬ አያጣም" አሉ። ከዚያ የካርቶን ቁራጭ ጠይቀው ሂሳብ ጀመሩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። በእኛ አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ስለዚህ ከጣሪያው ብቻ 50,000 ሊትር ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። አንዲት ዲቃላ ላም ደግሞ እበትና ሽንቷ ተደምሮ በቀን 40 ኪሎ ገደማ ብትጥል፣ ስምንቱ በሁለት ወር 20,000 ኪሎ አይሞሉም።

"እንግዲህ ጉድጓዱን የሚሞላው ማነው ልጄ? ላሚቱ ናት ወይስ ቆርቆሮው?"

ጉድጓዱ ሳይቆፈር ቀረ። በምትኩ አሸንዳ ተሠርቶ ውሃው ወደ ሮቶ ገባ፤ የሚተርፈው ከአዛባው ሳይገናኝ በራሱ ቦይ ይወጣል። የግቢው ጎርፍ እንዳይገባም የድሮው ጉድጓድ ዙሪያ አጠር ያለ ግንብ ተደረገ፣ ክዳን ተገጠመ። ሂሳባቸው ካሰብነው ሲሶ አልሞላም። ሌላ ሰው ቢሆን "እሺ" ብሎ ቆፍሮ፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ሥራ ፈልጎ የመጣ ሰው ሥራውን በገዛ አንደበቱ ሲያሳንስ እኔ አይቼ አላውቅም።

ወለሉን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ነገር አመጡ። ሽንቱና እበቱ እየተላቆጠ አንድ ላይ ይዛቅ ነበር። ጠዋት በረት ስትገቡ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ከገበያ በጆንያ ከምንገዛው ማዳበሪያ ጋር አንድ ነው፤ እበት ሲነካው ግን እበቱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ቶሎ ይሰባብረውና አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ጋሼ ይህን የተናገሩት በአጭሩ ነው፦ "ዓይንሽን የሚያቃጥልሽ ገንዘብሽ ነው።" ወለሉን ትንሽ አዘንብለው ቦይ አወጡለት። አሁን ሽንቱ ለብቻው ወርዶ ክዳን ያለው ጋን ውስጥ ይጠራቀማል። እበቱ በአካፋ ተዝቆ ከድርቆሽ ትራፊና ከጭድ ጋር ይከመራል፣ ይበሰብሳል።

የእኔ ባለቤት ቁጥር ካልሰማ አያምንም። ለእሱም ሂሳብ ሠሩለት። 50 ኪሎ የዩሪያ ጆንያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። የስምንት ላም ሽንት በቀን 100 ሊትር ቢሆን፣ ሳይተን ከተያዘ በወር ወይም በወር ተኩል ያንኑ ያህል ናይትሮጅን ይወጣዋል። እንደ መኖው ይለያያል፤ ፋጉሎ የምትበላ ላምና ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ሽንታቸው እኩል አይደለም። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ወዲህ የጋኑን ክዳን ራሱ ነው የሚቆጣጠረው። ክፍት ትቶ የሄደ ሰው ወዮለት።

መሬቱን ግን በዓይን አይተው አልፈረዱም። "እኔ ግንበኛ ነኝ፣ አፈሩን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው" አሉን። አፈሩ እንዴት እንደሚወሰድ ግን አሳይተውናል። በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከብዙ ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ፣ ንጹህ ባልዲ ውስጥ መቀላቀል፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል ወስዶ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። ፍግ የተከመረበት ቦታና የአጥር ጥግ አይነካም። ውጤቱ ሲመጣ አፈራችን ፎስፈረስ ያንሰዋል፣ ወደ አሲዳማነትም ያደላል። ፎስፈረሱ በብዛት ያለው በእበቱ ነው፤ ሽንቱ የናይትሮጅንና የፖታሲየም ነው። ስለዚህ ለመኖ ለምናበቅለው ደሾ ሣርና አጃ ዩሪያ መግዛት ትተን፣ ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ የሚባል ማዳበሪያ ብቻ ትንሽ እንጨምራለን። አልፋልፋው ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚይዝ ሽንት አናባክንበትም፣ የበሰበሰውን ፍግ ነው የምንሰጠው።

አጠቃቀሙ ላይ ጋሼ ጥብቅ ናቸው። ሽንቱ ደሾው ከታጨደ በኋላ፣ አንድ እጅ ለሦስት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ፀሐይ ስትበርድ ሥሩ ላይ ይፈስሳል፤ ቅጠል ላይ አይረጭም። ውሃ ያቆረ ማሳ ላይ አይደፋም። የሱሉልታ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፣ ናይትሮጅኑም ወይ በጎርፍ ይሄዳል ወይ ወደ አየር ይጠፋል። ከእንጦጦ በስተደቡብ ያለው ውሃ ወደ አቃቂ ሲወርድ የእኛ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ነው። ለገዳዲ ግድብ አካባቢ ያላችሁማ የባሰ ጠንቀቅ በሉ፤ የከተማው ሰው የሚጠጣው እሱን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የድሮውን ጉድጓድ ዝቃጭ ሊያወጣ የመጣው የቀን ሠራተኛ ሱሪውን ሰብስቦ መሰላሉ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ጋሼ ከኋላ ሸሚዙን ጨምድደው ያዙት። ልጁ ደንግጦ ሊቆጣ ምንም አልቀረውም። እሳቸው ግን አልለቀቁትም። የታመቀ አዛባ ሲማሰል የሚወጣ ጋዝ አለ። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰውዬው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም እዚያው ይቀራል። ዝቃጩ ከላይ ሆኖ በባልዲና በገመድ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ፣ ማንም ግን አልወረደም። ማንንም ብትቀጥሩ ይህን አስጠንቅቁ።

ኩበት የሚጋግሩ እናቶች እንዳይከፋቸው፦ ጋሼ ኩበት ተው አላሉም። የእኛም እበት ከፊሉ ለኩበት ይሄዳል፣ እንጀራ መጋገሪያ ነውና። አመዱን ግን አትድፉ፣ ማሳ ላይ በትኑት ብለዋል። ናይትሮጅኑ ቢቃጠልም ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል፣ ለአሲዳማ አፈርም ይረዳል።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ስልክ ቶሎ አያነሱም። "ጠዋት እመጣለሁ" ካሉ አምስት ሰዓት ነው። ወሬም ይወዳሉ፣ ስለ ባዮጋዝ ከጀመሩ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ይበርዳል። ሂሳብ ላይ ግን ንጹህ ናቸው። የዕቃውን ዝርዝር ጽፈው ሰጥተውን እኛው ገዛን፤ የተረፈውን ሲሚንቶ ቆጥረው አስረክበውናል።

ሁለትና ሦስት ላም ላለውም ይሄዳሉ፣ አይንቁም። ልስን በዝናብ አይደርቅም ስለሚሉ ሰኔ ሳይገባ ጥሯቸው። ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ካላነሱ ደጋግማችሁ ደውሉ፤ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሻላል።