በጎንደር የኮሪያ ጥብስ ግብዣችንን ላሳመሩልን ሥጋ ቆራጭ የቀረበ ምስጋና

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤተሰባችን ለ26 ሰው የኮሪያ የሥጋ ጥብስ ቡፌ አዘጋጅቶ ነበር። ግብዣው ያማረውም፣ ወጪው ካሰብነው በእጅጉ ያነሰውም በማራኪ ሠፈር ሥጋ ቤት ባላቸው አንድ አባትና በቤታቸው የከሰሉን ሥራ በምትሠራው እኅታችን ምክንያት ነው። ስለዚህ ምስጋናችንን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲህ ያለ ግብዣ ያሰበ የጎንደር ሰውም ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ።

ታናሽ እኅቴ ሁለት ዓመት ኮሪያ ተምራ ስትመለስ፣ አብረዋት የተማሩ ሦስት ጓደኞቿ ጥምቀትን ጎንደር ላይ ለማየት መጡ። እዚያ ሳለች የተማሪ ኪሷን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ የሚወስዷት «ሙሃን ሪፒል» ወደሚባሉት ቤቶች ነበር። በእነዚህ ቤቶች ለአንድ ሰው የተቆረጠ ዋጋ ይከፈላል፤ እንግዳው ጠረጴዛው መካከል ባለው እሳት ላይ ራሱ እየጠበሰ፣ በመቀስ እየቆራረጠ፣ ሥጋው ሲያልቅም እያስጨመረ ይበላል። ርካሽ ቢሆኑም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ብዙዎቹ የመቀመጫውን ጊዜ በ90 ወይም በ120 ደቂቃ ይወስናሉ፤ አስጨምሮ ያስተረፈውንም ሰው ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ቤቶች በአብዛኛው የሚያቀርቡት «ሳምግዮፕሳል» የተባለውን የአሳማ የሆድ ሥጋ ነው፤ «ሃኑ» የሚባለው የአገሩ የበሬ ሥጋ በጣም ውድ በመሆኑ በእንዲህ ዓይነት ቤት እምብዛም አይገኝም። አሳማ የማትበላው እኅቴ እንግዲህ ገና በር ላይ ሳለች፣ ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት፣ «የሚጨመረው የትኛው ሥጋ ነው?» ብላ መጠየቅ ለመደች።

ይህ ጥያቄ ጎንደርም ላይ ጠቅሞናል። መጀመሪያ የሄድንበት ቤት «ቡፌ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ነው» ብሎ ዋጋ ነገረን። እኅቴ ጥያቄዋን ስታቀርብ የሥጋው ትሪ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚወጣ፣ የሚጨመረው ሩዝ፣ ፓስታና ሰላጣ እንደሆነ፣ ሕፃናቱም እንደ ዐዋቂ ሙሉ ዋጋ እንደሚከፈልባቸው ተነገረን። ቅር ብሎን ወጣን።

የማራኪውን አባት የጠቆመን ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤታችን ነው። እኛ 14 ኪሎ ሥጋ፣ ያውም ግማሹ ጭቅና እንዲሆንልን ስንጠይቃቸው ቢላዋቸውን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ስንት ሰው ጠርታችኋል? ከሥጋው ሌላስ ምን ይቀርባል?» አሉን። እንጀራ፣ ሩዝና አራት ዓይነት አትክልት እንደሚኖር ስንነግራቸው እንዲህ ሲሉ መለሱልን፦ «ጭቅና ዘፍዝፋችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለስሱ ሽንጥ ይበቃል፤ ለአጥንቱ ጎድን ይሁን። እኔ ሰባት ኪሎ እቆርጣለሁ፤ ሌላው ተሰቅሎ ይቆይ። ሲያልቅባችሁ ትጠሩኛላችሁ፤ ያልቆረጥኩትን አላስከፍላችሁም።» ገዢው አሳንሶ እንዲገዛ የሚመክር ሥጋ ሻጭ በዕድሜዬ ሲያጋጥመኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የአቆራረጣቸውን ነገር በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም የዚህ ምግብ ዋናው ሥራ እሱ ነው። «ቡልጎጊ» ማለት በኮሪያኛ የእሳት ሥጋ ማለት ሲሆን፣ ሥጋው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ካልተቆረጠ ቅመሙ አይዘልቀውም፤ እሳት ላይም ይጠነክራል። ለስላሳ ሥጋ እንዲህ አሳስቶ መቁረጥ ለሠላሳ ዓመት ቢላዋ ለያዘ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። እኅቴ ኮሪያውያን ሥጋውን ግማሽ በግማሽ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዘው እንደሚቆርጡት ስታስረዳቸው፣ ምክሯን ሳይንቁ ሩብ ኪሎ ሽንጥ በራሳቸው ወጪ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተው በማግስቱ ሞከሩት፤ የሥጋውን ክሮች አቋርጠው የቆረጡትን አንድ ቁራጭ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያሳዩን ጣታቸው በማዶ ይታይ ነበር። «ጋልቢ» ለሚባለው የጎድን ጥብስ ደግሞ አጥንቱን በመጥረቢያ ቢመቱት ስንጣሪው ሥጋው ውስጥ እንደሚቀር ነግረውን በመጋዝ ቆረጡልን። የሚዛኑ ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። የጎድኑን አጥንት ለብቻው መዝነው ስንት ኪሎ አጥንት፣ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደምንወስድ አስቀድመው ነገሩን።

መዘፍዘፊያውን እኅቴና እንግዶቹ ቤት ውስጥ አዘጋጁት፤ ሶያ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ስኳርና የሰሊጥ ዘይት ነው። ሥጋውን የሚያለሰልሰው የኮሪያ ፒር እዚህ ስለማይገኝ ፖም ፈጭተው ተኩበት፤ ሰሊጡን ግን የመተማውን ስላገኙ እንግዶቹ መዓዛውን ደጋግመው አደነቁ። «ኪምቺ» የሚሉት በቅመም ተብላልቶ የሚቀርብ ጎመናቸውም ከእኛው ጥቅል ጎመንና ከዛላ በርበሬ ተሠራ።

ጥብሱ የተጠበሰው በሥጋ ቤቱ ግቢ ነው። ለቦታው ምንም አልከፈልንም፤ የከሰሉን ዋጋ ብቻ ቻልን። ከሰሉን የምትይዘው እኅታችን አምስት ማንደጃ አሰናድታ፣ ፍሙ ነጭ ዐመድ እስኪለብስና ጢሱ እስኪጠፋ ድረስ ማንም ሥጋ እንዳያስቀምጥ ከለከለች። የተዘፈዘፈ ሥጋ ስኳር ስላለበት ቶሎ እንደሚያር ከመጀመሪያው ፍርግርግ ተረድታ፣ ለቡልጎጊው ፍሙን አሳስታ፣ ለጎድኑ አብዝታ ከፋፈለችው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ያረዱትን ዶሮ ይዘው ሲመጡም ማንም ሳያሳስባት አንዱን ማንደጃ፣ ፍርግርግና መቆንጠጫ ለይታ አቆየችላቸው። ለዚህ ማስተዋሏ የተለየ ምስጋና ይገባታል።

ከእንግዶቹ አንዷ የቹንቾን ልጅ ናት። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት ለጀመረው ለቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ሐውልት የቆመው በዚህች ከተማ ነው። ታዲያ የመጀመሪያውን ሥጋ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ፣ ሩዝና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ፣ ተነሥታ ለአያቴ አጎረሰቻቸው። እነሱ «ሳም» የሚሉት ጥቅል በአንድ ጉርሻ መዋጥ እንዳለበት ስንነግራቸው አያቴ «ጉርሻ አስተማሪ አያስፈልገኝም» ብለው ሙሉውን ጎረሱት። ከዚያ በኋላ ግቢው ሁሉ መጎራረስ ሆነ።

ከሰባቱ ኪሎ ሌላ ያስጨመርነው ሁለት ኪሎ ብቻ ነው፤ በጠቅላላው 9 ኪሎ መሆኑ ነው። እኛ እንዳሰብነው ቢሆን ኖሮ አምስት ኪሎ ሥጋ ያለአግባብ በከፈልን ነበር። አትክልቱና ቅመሙ ተጨምሮ እንኳ ለአንድ ሰው የወጣው ወጪ የመጀመሪያው ቤት ከጠየቀን ግማሹን አልሞላም። ያስጨመርነውን ሁለት ኪሎ አባታችን ራሳቸው ቆርጠው ሲያመጡልን ለምስጋና ተጨማሪ ገንዘብ ብንሰጣቸው እምቢ አሉ፤ የቀረውን አጥንት ለመረቅ ጠቅልለው ለእናቴ ሰጧት።

ግቢው ጥላ የለውም፤ ስለዚህ ለሽማግሌዎች ዣንጥላ ወይም ድንኳን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መኪና ማቆሚያውም ጠባብ ነው። በአንድ ቀን ከአቅማቸው በላይ ሰው እንዳይመጣባቸው ስለሚሰጉ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ በግል ለሚጠይቀኝ ግን አድራሻቸውን እነግራለሁ። የሚሄድ ሰው ሥጋው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንዲኖር ሦስት ቀን አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ዝግ ናቸው፤ በቅበላ ሰሞንም ወረፋው ስለሚበዛ ከዚያ በፊት ቢያደርገው ይሻላል። ስንት ሰው እንደጠራና ከሥጋው ሌላ ምን እንደሚያቀርብ አስቦ ይሂድ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።