ስዋት በቦርከና ወንዝ ላይ፦ ከዓመት በላይ ተጠቅሜበት ያየሁት

ሥራዬ ወሎ ውስጥ የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። ስዋት የሚባለውን ሞዴል ለዚሁ ሥራ ከዓመት በላይ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ፍርዴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ስለ ውኃው የሚነግራችሁን በደንብ ካስተካከላችሁት እመኑት። ስለ ደለሉ የሚነግራችሁን ግን የትኛው ቦታ እንደሚብስ ለመለየት ብቻ ተጠቀሙበት፤ በቶን የሚሰጠውን ቁጥር ይዛችሁ ሪፖርት አትጻፉ።

ለማያውቀው፦ ስዋት የወንዝ ፍሰትንና ደለልን በየቀኑ የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ቴክሳስ ውስጥ የሠሩት ነው። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ይጫናል። የመሬቱን ከፍታ፣ አፈሩንና የመሬት አጠቃቀሙን ስትሰጡት ተፋሰሱን ይከፋፍለዋል። አፈራቸው፣ ተዳፋታቸውና ሽፋናቸው የሚመሳሰል ቦታዎችን አንድ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ዝናብና ሙቀት ትጨምሩበታላችሁ።

መጫኑ ቀላል ነው። ከባዱ ዳታው ነው። የጣቢያ ዝናብ መረጃ ክፍተት ስለማያጣ ቺርፕስ የሚባለውን የዝናብ መረጃ አብሬ እጠቀማለሁ። ሳተላይትንና ጣቢያን አቀናጅቶ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ዝናብ ይሰጣል። ለወር ድምር ጥሩ ነው። በአንድ ከሰዓት ተራራው ላይ የሚወርደውን ዶፍ ግን ያለሰልሰዋል።

ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም ሞዴሉን ከተለካው ፍሰት ጋር የማስማማቱ ሥራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ነው። እሱን እንኳን መልመድ ይቻላል። የወሎ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የሞዴሉን ብቃት የምንለካበት የናሽ-ሰትክሊፍ ቀመር ስህተትን በራሱ ያባዛል። ስለዚህ ነጥቡን የሚወስኑት የሐምሌና የነሐሴ ጎርፎች ናቸው። ከ0.5 በላይ ከሆነ አጥጋቢ ይባላል። ግን ሞዴሉ 0.5ን በደንብ አልፎ በልግን ጨርሶ ሊስተው ይችላል። በልግ ደግሞ እዚህ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እኔ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ፍሰት ለብቻው አወጣና አየዋለሁ። እዚያ ካልተስማማ፣ አጠቃላይ ነጥቡ ቢያምርም አልቀበለውም።

አሁን ወደ ደለሉ። ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በጨፋ ሜዳ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰኔ መጨረሻ ከወንዙ በሊትር ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት። በማግስቱ ከታች አንድ ጣት የሚያህል ቀይ ቡናማ ጭቃ ታያላችሁ። መስከረም ላይ ውኃው መለኪያው ላይ እዚያው ምልክት ሲደርስ እንደገና ቅዱ። ጭቃው ስስ ነው። ውኃው እኩል፣ አፈሩ ግን ለየቅል። ሰኔ ላይ ማሳው ታርሶ ባዶውን ነው፤ መስከረም ላይ ሰብል ለብሷል። ስለዚህ ፍሰትን ከደለል የሚያያይዝ አንድ መስመር ለዓመቱ በሙሉ አይሠራም። እኔ የክረምቱን መግቢያና ማብቂያ ለየብቻ አሰላለሁ።

ሞዴሉ እንደመጣ ከተጠቀማችሁበት ይህን አያውቀውም። ካልነገራችሁት በስተቀር የሚዘራው ዝናብ አይቶ አይደለም፤ ሙቀት ቆጥሮ ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስለዚህ ማሳው ባዶ ሆኖ ጎርፍ በሚቀበልበት ሰዓት፣ ሞዴሉ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። የእርሻና የዘር ቀኖችን ከገበሬዎች ጠይቃችሁ አስገቡ። ከማንኛውም የካሊብሬሽን ብልሃት በላይ የደለሉን ግራፍ ያስተካከለልኝ ይሄ ነው።

ቦረቦርን ደግሞ አይቆጥርም። የሚጠቀምበት ቀመር ከማሳ ላይ በስሱ ተጠርጎ የሚሄደውን አፈር ነው የሚያሰላው። የወሎን ቦረቦሮች ያየ ሰው ምን ያህል አፈር ከሂሳቡ እንደሚቀር ይገባዋል። ቶኑን አትመኑ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማወዳደሪያ ለሚፈልግ ከደሴ በስተደቡብ ማይባር አለ። የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያው ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናብን፣ ፍሰትንና አፈርን አንድ ላይ ሲለካ የኖረ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ በአገራችን ብርቅ ነው፤ ልንንከባከበው ይገባል።

የአየር ንብረት ለውጡን ለማየት ሲሚፕ6 የሚባለውን የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ ውጤት አስገባሁ። ሙቀቱ እንደሚጨምር ሁሉም ይስማማሉ። ዝናቡ ላይ ግን አንዱ ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። ብዙዎቹ ምድርን ከፋፍለው የሚያሰሉበት አንድ ካሬ ደግሞ የደሴን ተራራና የአፋርን ቆላ አንድ ላይ ይጠቀልላል። በጣቢያ ዝናብ ሳታርሙ አታስገቡት። አንድ ሞዴል መርጦ «በ2050 እ.ኤ.አ. የቦርከና ደለል በዚህን ያህል በመቶ ይጨምራል» የሚል ሰው ከገጠማችሁ፣ የሌሎቹን ውጤት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሁሉንም የዝናብ ትንበያ አስኬድና ንዑስ ተፋሰሶቹን በደለል መጠን በደረጃ አስቀምጣቸዋለሁ። ቶኑ በጣም ይለዋወጣል። ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ግን በየትኛውም ትንበያ ከላይ ናቸው። በአብዛኛው ገደላማና እስከ አናቱ የታረሱ ናቸው። እርከኑንና ዛፉን የት እናስቀድም ለሚለው ጥያቄ ይህ በቂ መልስ ነው። ለዚህ ሥራ ስዋትን ያለማመንታት እመክራለሁ።

አዲስ ከሆናችሁ በቀጥታ ከአዲሱ ስሪት፣ ከስዋት ፕላስ ጀምሩ። የድሮው ስሪት የማሳውን ውኃ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይልከዋል። አዲሱ ከተዳፋቱ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ወንዙ እንዲያልፍ ማድረግ ይችላል። ከኮምቦልቻ በታች ጨፋ ላይ ውኃው ሜዳው ላይ ተንጣሎ ደለሉን ጥሎ ነው የሚያልፈው፤ ያንን የሚያሳያችሁ ስዋት ፕላስ ነው።